ሞሽን ኮንትሮል ሞጁል ምንድን ነው? ፒኤልሲ ላይስ እንዴት ይገጠማል?

የሰርግ መጥሪያ ካርድ እጃችሁ ሲገባ ጠርዙን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? አምስት መቶውን ብትደረድሩት አንዱ ከሌላው አይወጣም። ይህ የቢላው ሥራ ብቻ አይደለም። ከክምሩ ጀርባ ሆኖ ወረቀቱን ወደ ቢላው የሚገፋ ብረት አለ። 90 ሚሊ ሜትር ሲባል 90 ላይ መቆም አለበት። 91 ላይ ከቆመ ካርዱ ፖስታው ውስጥ አልገባም ይላል።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ማተሚያ ቤት የዚህ ዓይነቱን የወረቀት መቁረጫ ማሽን ፓነል (የኤሌክትሪክ ሳጥን) ከፍተን ስንሠራ፣ ኦፕሬተሩ ጋሼ አዲሱን ሞጁል አይተው "ፒኤልሲ አለው አይደል? ይሄ ደግሞ ለምን?" አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ፒኤልሲ በፕሮግራም ማሽን የሚያዝ ኮምፒውተር ነው። የተወለደውም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የታጨቀባቸውን ፓነሎች ለመተካት ነው። በፈረንጆቹ 1968 ጀነራል ሞተርስ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። አሠራሩ ዙር ነው። ኢንፑት ያነባል፣ ፕሮግራሙን ያሰላል፣ አውትፑት ይሰጣል፣ እንደገና ይጀምራል። አንዱ ዙር 10 ሚሊ ሰከንድ ፈጀ እንበል። ለፓምፕና ለመብራት ከበቂ በላይ ነው። ገፊው ብረት ግን በሰከንድ 100 ሚሊ ሜትር እየሄደ ከሆነ፣ በዚያች ዙር ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር አልፏል። 90 የነበረው 91 የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሞሽን ኮንትሮል ሞጁል ይህን ክፍተት የሚሞላ፣ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነው። ፒኤልሲው "በዚህ ፍጥነት ሂድና 90 ላይ ቁም" ብሎ ያዘዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የሞጁሉ ነው። ገፊውን በረጅም ብሎን ለሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ ሞተር ድራይቨር (ሞተሩን ለሚነዳው መሣሪያ) ፐልስ፣ ማለትም አጭር የኤሌክትሪክ ምት፣ እየቆጠረ ይልካል። ብሎኑ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ያስኬዳል፣ ሞተሩ ደግሞ በ2000 ፐልስ አንድ ዙር ይዞራል እንበል። አንዷ ፐልስ 0.0025 ሚሊ ሜትር ናት ማለት ነው። በሰከንድ 100 ሚሊ ሜትር ለመሄድ 40,000 ፐልስ ይፈልጋል። ሪሌ አውትፑት ይህን አይሞክረውም። ሞጁሉ ደግሞ ፍጥነቱንም ያስተካክላል። ጥሩ ሹፌር ፌርማታ ሊደርስ ሲል ከሩቁ ፍሬን እንደሚይዘው፣ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል።

ሁሉም ማሽን ግን ሞጁል አይፈልግም። ብዙ ትንንሽ ፒኤልሲዎች ከሪሌ በጣም በሚፈጥነው ትራንዚስተር አውትፑታቸው ራሳቸው ፐልስ ይሰጣሉ። ለአንድ ሞተር እሱ ሊበቃ ይችላል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማኑዋሉን እዩ።

መግጠሙ ራሱ ቀላል ነው። ብሬከሩን አጥፉ። ድራይቨሩ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ መብራት ከጠፋም በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ ገዳይ ቮልቴጅ ይቆያል። ኤርዝ ያለው ብረት ነክታችሁ ሞጁሉን ያዙ። ኮኔክተሩን አስገቡ፣ መቆለፊያውን ጫኑ፣ አለቀ።

የሚያደክመው ሽቦው ነው። አንድ ጊዜ የፐልሱን ኬብል ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ መስመር አሳለፍኩት። ጠዋት ልክ የነበረው ልኬት ማታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይስታል። ሁለት ቀን ፕሮግራሙን ስበረብር ቆየሁ። ጥፋቱ የሽቦው ነበር፣ የሞተሩ ኬብል የሚረጨውን ረብሻ ድራይቨሩ ፐልስ ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ልባስ) ያለው ኬብል ተጠቀሙ፣ ሺልዱን ኤርዝ አድርጉ፣ ከሞተሩ ኬብል አርቁት። መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀልኛ ይሻገር።

በገፊው መንገድ በሁለቱም ጫፍ ሊሚት ስዊች (ገፊው ሲነካው የሚያስቆመው ማብሪያ) አይቅር። ሳይነካ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፣ ሲነካ የሚያቋርጥ ይሁን፤ ያኔ ሽቦው ቢበጠስም ማሽኑ ይቆማል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ለፕሮግራሙ ብቻ አትተዉት፣ ኃይሉን በቀጥታ በሽቦ ይቁረጥ። ቢላ ያለበት ማሽን ነው፣ የሰው እጅ አለበት።

መጀመሪያ ስታስነሱት ገፊውን መሃል ላይ አድርጉና በዝግታ ነካ ነካ አድርጉት። ወደፊት ስትሉት ወደኋላ ከሄደ አቅጣጫውን ፓራሜተሩ ላይ ቀይሩ።

አንድ የኛ ከተማ ነገር ቀርቷል፣ መብራት። ሲጠፋ፣ አብሶሉት ኢንኮደር (መብራት ቢጠፋም ቦታውን የሚያስታውስ መለኪያ) ከሌለው፣ ሞጁሉ ገፊው የት እንደቆመ ይረሳል። ጋሼ አሁን መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጫኑት "ሆም" የሚለውን ቁልፍ ነው። ብረቱ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ስክሪኑ ላይ ዜሮ ይመጣል። ወረቀቱን የሚጭኑት ከዚያ በኋላ ነው።