የአየር ጥራት ትንበያው «150» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ብዙ ሰው ቁጥሩን እንደ ፐርሰንት ያነበዋል። አይደለም። በቀጥታ የብናኝ መጠንም አይደለም። የተለያዩ በካዮች ልኬት ወደ አንድ የጋራ ሚዛን ተቀይሮ ነው የሚነገረን። ከፍ ሲል ይብሳል።

የአሜሪካው ሚዛን ከ0 እስከ 500 ይሄዳል። ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 35 ማይክሮግራም ገደማ ሲደርስ 100 ይሰጠዋል። ከ101 እስከ 150 ያለው ማስጠንቀቂያ አስም ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው፣ ለልጆችና ለአረጋውያን ነው። ከ151 ወዲያ ሁሉንም ይመለከታል።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው። በዚህ ሚዛን ኦዞን የሚባለው ሌላ በካይ ጋዝ 60፣ ብናኝ 140 ቢሆን አማካይ አይወሰድም። የቀኑ ቁጥር 140 ነው፤ የባሰው ያሸንፋል። ደግሞ የብሪታንያው ሚዛን ከ1 እስከ 10 ነው። ስለዚህ እዚያ «9» ከሰማችሁ እንዳትዘናጉ፣ በጣም ብዙ ነው!

ትንበያው ነፋስንም ያያል። ነፋስ ሲጠፋና ሞቃት አየር ከላይ እንደ ክዳን ሲቀመጥ ጭሱ መውጫ ያጣል። ያን ቀን ሩጫውን ተዉት፣ መስኮት ዝጉ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ ብናኝ እምብዛም አይረዳም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ይሻላል።