ንጉሥ ሳኦልን የጣለው ቅናት አይደለም፤ ሌሎችም የተለመዱ ስህተቶች

"ሳኦል በዳዊት ቀንቶ ነው የወደቀው።" ስለ እስራኤል የመጀመሪያ ንጉሥ የሚባለውን ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዚአብሔር ይወቀው። በስብከት፣ በሠርግ ላይ ምክር፣ ፌስቡክ ላይ በሚለጠፍ ጥቅስ፣ አንዳንዴም ታክሲ ውስጥ። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። ገና የሳኦልን ስም ስጠራ ከኋላ አንዱ "ቅናተኛው!" ይላል። ሌላው ይስቃል። ምዕራፉን ማን አንብቦታል ስል ግን ክፍሉ ጭጭ ነው።

ወደ ቅናቱ እመጣለሁ። መጀመሪያ መንገዱን ላጽዳ።

"ሳኦልን የመረጠው ሕዝቡ ነው፤ ዳዊትን ግን እግዚአብሔር።"

ሕዝቡ "እንደ ሌሎች አሕዛብ ንጉሥ ይኑረን" ብሎ ጠየቀ እንጂ ማን ይሁን የሚለውን አልመረጠም። ነቢዩ ሳሙኤል ሳኦልን የቀባው ሎሌውን እንኳ ቀድሞ እንዲሄድ አድርጎ፣ ለብቻው ነው። በምጽጳ ዕጣ የተጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ሕዝቡ መርጦት ቢሆን ኖሮ አንዳንዶቹ "ይህ ደግሞ እንዴት ያድነናል?" ብለው ይንቁት ነበር? ስጦታ እንኳ አላመጡለትም።

"ከመጀመሪያውም ክፉ ነበር።"

አልነበረም። የጠፉ የአባቱን የቂስን አህዮች ሊፈልግ ከቤት የወጣ ወጣት ነው። ሥልጣን አልፈለገም። ዕጣው በስሙ ሲወጣ ዕቃ መካከል ተደብቆ ነው ያገኙት። ንጉሥ ከተባለ በኋላም ወደ እርሻው ተመለሰ። አሞናዊው ናዖስ የኢያቢስ ገለዓድን ሰዎች "ቀኝ ዓይናችሁን ካላወጣሁ ቃል ኪዳን አልገባላችሁም" ሲል ሳኦል ከበሬዎቹ ኋላ ከእርሻ እየመጣ ነበር። ወሬውን ሲሰማ በሬዎቹን ቆራርጦ በየአገሩ ላከ። ያልወጣ ሰው በሬው እንዲህ ይሆናል አለ። ጦሩ ተሰበሰበ፣ ከተማዋም ዳነች።

ከድሉ በኋላ ሕዝቡ ሳሙኤልን "ያኔ ሳኦልን የናቁትን ሰዎች አምጣቸውና እንግደላቸው" አለው። ሳኦል እምቢ አለ። ዛሬ ማንም አይሞትም አለ። ይህን ውሳኔ አስታውሱት። በሕይወቱ ሕዝቡን ፊት ለፊት "አይሆንም" ያለበት ጊዜ ነው፤ ኋላ ሲጠፋበት የምናየውም ይኸው ነው።

"ቅናት ጣለው።"

እሺ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል ብቻ ተመልከቱ። ሴቶቹ "ሳኦል ሺህ ገደለ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ" ብለው የዘፈኑት በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 18 ነው። ዳዊት ራሱ በታሪኩ ውስጥ የሚገባው በምዕራፍ 16 ነው። ሳኦል "መንግሥትህ አይጸናም" የተባለው ደግሞ በምዕራፍ 13 ነው። ፈጽሞ የተናቀው በምዕራፍ 15 ነው። ታዲያ ገና ባላየው ልጅ እንዴት ቀንቶ ይወድቃል? ይህን ለማወቅ ዕብራይስጥ መማር አያስፈልግም። መቁጠር ብቻ ነው።

ምዕራፍ 13 ላይ የሆነው ይህ ነው። ፍልስጥኤማውያን በማክማስ ሰፍረዋል። በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ አልነበረም፤ ፍልስጥኤማውያን ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ ከልክለዋቸው ነበር። ማረሻቸውን ለማሳል እንኳ ወደ ጠላታቸው ይወርዱ ነበር። በጦርነቱ ቀን ሰይፍ የነበረው ሳኦልና ልጁ ዮናታን ብቻ ነበሩ። ሳሙኤል መሥዋዕቱን ላቀርብ እስክመጣ በጌልገላ ሰባት ቀን ጠብቀኝ ብሎታል። ሰባተኛው ቀን ደረሰ፣ ሳሙኤል አልመጣም። ወታደሩ በዋሻና በጉድጓድ እየገባ ተደበቀ፣ ሌላውም ዮርዳኖስን ተሻገረ። መጨረሻ ላይ አብሮት የቀረው 600 ሰው ያህል ነው። ሳኦል መሥዋዕቱን ራሱ አቀረበ። አቅርቦ እንደጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ሳሙኤል ዘግይቶ መጥቶ ሳኦልን መቅጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" ይላል። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። ግን ሳኦል የሰጠውን ምክንያት ስሙት፤ የመጀመሪያው ነገር ሕዝቡ ከእኔ ተለይቶ ሲበታተን አየሁ የሚል ነው። ያንን ያዙ።

ምዕራፍ 14 ላይ እስኪመሽ እህል የሚቀምስ የተረገመ ይሁን ብሎ ሠራዊቱን አስማለ። ዮናታን አልሰማም ነበርና ማር ቀመሰ። ሳኦል ልጁን ሊገድል ቆረጠ። ሕዝቡ "አይሆንም" አለ፣ ዮናታንም ዳነ። ደግነቱ ዳነ። ነገር ግን ንጉሡ የማለውን ሕዝቡ ሻረው።

ምዕራፍ 15 ላይ አማሌቅን ከነከብቱ ፈጽሞ እንዲያጠፋ ታዝዞ ነበር፤ ድል አድርጎ ግን ንጉሡን አጋግን ከነሕይወቱ ማረከ፣ ከከብቱም ምርጥ ምርጡን አስቀረ። በቀርሜሎስ ለራሱ የመታሰቢያ ሐውልት አቆመ። ሳሙኤል ሲጠይቀው መጀመሪያ "ፈጽሜአለሁ" አለ። የበጎቹ ጩኸት ሲያጋልጠው "ሕዝቡ ነው ያስቀረው፣ ለመሥዋዕት ነው" አለ። ሲጨነቅ እውነቱን አወጣው፦ ሕዝቡን ስለ ፈራሁ ቃላቸውን ሰማሁ። ሰውየው ራሱ ነግሮናል! እኛ ግን ቅናት ነው እንላለን።

ይቅርታ ጠይቆ እንኳ የመጨረሻ ልመናው ምን ነበር? በሕዝቤ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ። መንግሥቱ እንደተወሰደ በተነገረው ሰዓት የተጨነቀው ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ ብሎ ነው።

አሁን ምዕራፍ 18ን በዚህ ዓይን አንብቡት። ሴቶቹ ሲዘፍኑ ቁጥሩን ይዞ "ለዳዊት እልፍ ሰጡት፣ ለእኔ ሺህ ብቻ ሰጡኝ" አለ። ቅናት የለም አላልኩም። ኖረ፤ ጦር እስከመወርወር ደረሰ፣ በገዛ ልጁ በዮናታን ላይ ሳይቀር። ግን ቅናቱ የበሽታው ምልክት ነው፤ በሽታው የሰው ፊት መፍራት ነው። በሰው ጭብጨባ የሚኖር ሰው ጭብጨባው ወደ ሌላ ሲዞር ምን ይሆናል? ይኸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ዳዊትን በምድረ በዳ ሲያሳድድ ፍልስጥኤማውያን አገሩን ወረሩ፤ መልእክተኛ መጥቶ "ፈጥነህ ና" ሊለው ግድ ሆነ። በኖብ ደግሞ ካህኑ አቢሜሌክ ለዳዊት እንጀራ ሰጠ ብሎ 85 ካህናት አስገደለ። የራሱ ዘበኞች እጃችንን አናነሳም ስላሉ የገደላቸው ኤዶማዊው ዶይቅ ነው። ሳኦል እዚያም ከመፍረዱ በፊት "ከእናንተ ለእኔ የሚያዝን የለም" እያለ ነበር።

ይህ ለምን ያናድደኛል? ሳኦል ቀናተኛ ብቻ ከሆነ ሰሚው ሁሉ ዳዊት ይሆናል። ሳኦል ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። አለቃው፣ አማቱ፣ ጎረቤቱ። አንድ የመዘምራን ቡድን ለሁለት ሊከፈል ሲል ለሽምግልና ተጠርቼ ነበር። አዲስ ድምፀ መልካም ልጅ መጥታለች፤ ሕዝቡም ወዷታል። የእሷ ወገኖች መሪውን "ሳኦል" ይሉታል። መሪው ደግሞ ልጅቷን በአባቱ በዳዊት ላይ ባመፀው ልጅ ስም "አቤሴሎም" ይላታል (ሴት ልጅን!)። መሪውን ለብቻው ይዤ እሷ ከመምጣቷ በፊት አባላቱ ልምምድ ሲቀሩ ምን ታደርግ ነበር አልኩት። "ቅር እንዳይላቸው ብዬ ዝም እል ነበር" አለኝ። ያረፈዱትን ዝም፣ ተጣልተው የመጡትን ዝም፣ ገንዘብ ያልከፈሉትን ዝም። ልጅቷ ስትመጣ የሚያከብረው ሰው አልነበረም። ቅናቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምዕራፍ 13 ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሰው የምትመሩ ከሆነ፣ የቤት አባወራም ሁኑ የዕድር ሊቀ መንበር፣ "በማን እቀናለሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን ከመመርመራችሁ በፊት ሌላ ነገር መርምሩ። መጨረሻ ጊዜ "አይሆንም" ያላችሁት መቼ ነው? ውሳኔያችሁን ስትናገሩ "ሰዎቹ ስላሉ ነው" ትላላችሁ? ስትሳሳቱ መጀመሪያ የምትሮጡት ጥፋቱን ለማረም ነው ወይስ ስማችሁን ለማዳን? ስብሰባ ላይ ሁሉም እንዲወዳችሁ ስትሉ የወሰናችሁትን በማግስቱ ትሽራላችሁ? ከሆነ ስለ ቅናት የሚሰብከውን ቪዲዮ ዝጉት። ለእናንተ አይደለም።

"ዳዊት በተቀባው ላይ እጁን አላነሳም፤ ስለዚህ መሪን መናገር አይገባም።"

ይህ ሁለተኛው የሚያናድደኝ ነው፤ የሚጠቅሱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሒሳብ ሪፖርት የተጠየቁ መሪዎች ናቸው። ዳዊት ያለው አልገድለውም ነው። ዝም እላለሁ አላለም። በዓይንጋዲ ዋሻ የልብሱን ዘርፍ ቆርጦ ወጣና ንጉሡን ከኋላው ጠራው፤ ሳኦል 3,000 የተመረጡ ሰዎች ይዞ ነበር የወጣው። ለምን ታሳድደኛለህ፣ ምን በደልሁህ፣ እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ አለው። ከዚያ ደግሞ ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሰም፤ ወደ ምሽጉ ወጣ። ይቅር ማለትና ጦር በሚወረውር ሰው ፊት ተመልሶ መቀመጥ አንድ አይደሉም። ሳሙኤል ሳኦልን ፊት ለፊት ገሠጸው። ዮናታን አባቱን ተከራከረው። ዘበኞቹ ትእዛዙን እምቢ አሉ። መጽሐፉ አንዳቸውንም አልነቀፈም።

"ሳኦል ጠንቋይ ቤት የሚያዘወትር ሰው ነበር።"

መናፍስት ጠሪዎችን ከምድሩ ያባረረው እሱ ራሱ ነው። በዓይንዶር ወዳለች መናፍስት ጠሪ ሴት የሄደው ከመጨረሻው ውጊያ በፊት ባለው ሌሊት፣ ልብሱን ለውጦ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ ነው። ሴትዮዋንም እንደ ጭራቅ አትሳሏት። ንጉሡ ቀንና ሌሊት እህል ሳይቀምስ መሬት ላይ ሲወድቅ ለምና አስነሥታ፣ የሰባ ጥጃዋን አርዳ፣ ቂጣ ጋግራ ያበላችው እሷ ናት። ደግፌ አይደለም፣ የተጻፈውን ነው።

"የገደለው አማሌቃዊው ነው።"

አማሌቃዊው ለዳዊት ያወራው እንዲህ ነው። ተራኪው ግን በምዕራፍ 31 ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ ቆስሎ፣ ጋሻ ጃግሬው ግደለኝ ሲለው ስለ ፈራ፣ በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ ይላል። ዘውዱንና አምባሩን ይዞ የመጣ ሰው ሽልማት ይጠብቃል። ያገኘው ሞት ነው። ጊልቦዓ ዛሬም አለ፤ አፉላ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ጎረቤታቸው ነው።

"ሲሞት የተረፈው ሰው አልነበረም።"

ፍልስጥኤማውያን ሬሳውን በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉት። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው የእሱንና የልጆቹን ሬሳ አወረዱ፣ አጥንታቸውን ቀበሩ፣ ሰባት ቀንም ጾሙ። ዓይናቸውን ያዳነላቸውን አልረሱም። ዳዊትም አለቀሰ፤ በኋላም አጥንቱን ወደ አባቱ ወደ ቂስ መቃብር አስመጣ።

የቀሩትን በፍጥነት።

ዳዊት በማግስቱ በእስራኤል ሁሉ ላይ አልነገሠም። በኬብሮን በይሁዳ ላይ ብቻ 7 ዓመት ከ6 ወር ገዛ። የሳኦል ልጅ ኢያቡስቴ በሳኦል የጦር አለቃ በአቤኔር ድጋፍ በሌላው ላይ ነግሦ ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነትም ነበር።

ሳኦል የዳዊት አባት አይደለም። አማቱ ነው፤ ልጁን ሜልኮልን ድሮለታል። እሱ ብንያማዊ፣ ዳዊት የእሴይ ልጅ ከይሁዳ ነገድ። ነገሥታቶቻችን ከይሁዳ ነገድ ነን ሲሉ የቆጠሩት በሰሎሞንና በዳዊት በኩል ነው። ሳኦል በዚያ ሐረግ የለም።

የዘመኑ ርዝመት 40 ዓመት ነው የሚለው ከሐዋርያት ሥራ 13 ነው። በዕብራይስጡ አንደኛ ሳሙኤል 13 መግቢያ ላይ ቁጥሩ ተጓድሎ ነው የደረሰን፤ ስለዚህ ትርጉሞች ቢለያዩ አትደንግጡ።

እና እባካችሁ፣ ሳኦል በደማስቆ መንገድ ላይ ተመልሶ ጳውሎስ አልሆነም። ያ ሳውል ነው፤ እሱም ከብንያም ነገድ ነው፣ ነገር ግን በመካከላቸው 1,000 ዓመት ያህል አለ። ባለፈው ፈተና ላይም ይህንኑ የጻፈ ተማሪ ነበረኝ፤ ዜሮ ነው የሰጠሁት።