የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ፖሊ)

የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ የምህንድስናና የኮምፒውቲንግ ማስተማሪያ ነው። ለከተማው ሰው ግን ዛሬም «ፖሊ» ነው፤ ባጃጅ ሲይዝ ሙሉ ስሙን የሚጠራ የለም።

ስያሜው የቀረው ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ፖሊቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር ተቋቋመ። ወቅቱ ባሕር ዳር ወደ ኢንዱስትሪ ከተማነት የገባችበት ነበር። ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ተከፍቷል፤ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫም በ1964 ተከትሏል። የሥልጠና ዘርፎቹ ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ነበሩ፦ የእርሻ መካኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኤሌክትሪክና የእንጨት ሥራ። ያኔ የሚመረቀው ማሽን አንቀሳቅሶ የሚጠግን ቴክኒሺያን እንጂ ዲዛይን የሚሠራ መሐንዲስ አልነበረም። ፖሊ እስከ ዛሬ የሚኮራበት የእጅ ሙያ መነሻው ይኸው ነው።

በደርግ ዘመንም ማስተማሩ ቀጥሏል።

በ1991 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 60 ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ («ፔዳ») ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ምረቃው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። የዩኒቨርሲቲው ዕድሜ ከዚህ ቀን ይቆጠር ወይስ ከፖሊቴክኒኩ የሚለው አንዳንዴ ያከራክራል፤ ታላቁ ግን ፖሊ መሆኑ አያጠያይቅም። ጨርቃ ጨርቅ በኋላ ራሱን ችሎ ሌላ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በፖሊ የቀሩት ሲቪልና ውሃ ሀብት፣ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር፣ ሜካኒካልና ኢንዱስትሪያል፣ ኬሚካልና ምግብ ምህንድስና እንዲሁም ኮምፒውቲንግ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂው እንደ ሌላው ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳል።

የሜካኒካል ተማሪ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን) ከመንካቱ በፊት ሞርሳ (ብረት ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ብረት በሴጌቶ (የብረት መጋዝ) መቁረጥና በሞረድ ማስተካከል ይለማመዳል። ቶርኖ ላይ የተለመደው ስሕተት የመቁረጫው ጫፍ ከዘንጉ መሃል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ነው፤ ያኔ የዘንጉ ፊት ሲላጭ መሃሉ ላይ ጉብታ ይቀራል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የመጽሐፍ ቁጥር እንዳለ አይወሰድም። የአየር ግፊቱ እንደ ባሕር ጠለል 101 ሳይሆን ከ81 ኪሎ ፓስካል እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ውሃ መምጠጥ የሚችለው ከ8.3 ሜትር ጥልቀት ነው፤ የቱቦ ሰበቃና የውሃ እንፋሎት ሲቀነስ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይቀራል። በጣና ዳር ለመስኖ የተተከለ ፓምፕ ከውሃው ርቆ ከፍ ሲል የሚንኳኳውና ፍሰቱ የሚቀንሰው በዚህ ነው፤ መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት ሳይሆን ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግ ነው።

ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ፈተናው መረሬ (ጥቁር ሸክላ) አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የፈሳሽነት ወሰኑ (አፈሩ እንደ ፈሳሽ መፍሰስ የሚጀምርበት እርጥበት፤ ከፍ ሲል አፈሩ አባጭ መሆኑን ይጠቁማል) ሲለካ አፈሩ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል፣ ከውሃ ጋር ይለወሳል፣ በመለኪያው ጽዋ ውስጥ ተደርጎ መሃሉ በቦይ ይከፈላል። ጽዋው ከ10 ሚሊ ሜትር ከፍታ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ እየወደቀ ቦዩ በ25 ምት 13 ሚሊ ሜትር ያህል ሲገጥም ያለው እርጥበት ወሰኑ ነው። የጽዋው መውደቂያ ከፍታ ከ10 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቦዩ ቶሎ ስለሚገጥም ወሰኑ አንሶ ይነበባል። ናሙናውን አስቀድሞ በምድጃ ማድረቅም ያንኑ ሊያስከትል ይችላል፤ አፈሩ ከእውነቱ ይልቅ የማያብጥ ይመስልና መሠረቱ ሳይጠልቅ ይቀራል።