የክትትል ሜሴጅ ምንድን ነው?

ነፍሰ ጡር ሴት የክትትል ቀጠሮዋን እንዳትረሳ ጤና ተቋሙ ስልኳ ላይ የሚልክላት አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። አንዳንዴ ምክርም ይጨመርበታል። የአይረን ኪኒን እንዳታቋርጥ፣ ደም ከፈሰሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። የመጀመሪያው 12 ሳምንት ሳይሞላ ነው። እኛ አገር በ2019 እ.ኤ.አ. በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት ከ100 እናቶች 74ቱ በባለሙያ ታይተዋል። 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት ግን 43 ብቻ ናቸው። የሜሴጁ ጉዳይ እነዚህ ጀምረው መሀል ላይ የቀሩት ናቸው። ዛንዚባር ላይ ተሞክሮ፣ 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት ሜሴጅ ከደረሳቸው 44 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 31 በመቶ ሆነዋል። እዚያ ግን ሴቶቹ ለባለሙያ የሚደውሉበት ካርድም ተሰጥቷቸው ነበር።

አሁን ሜሴጁን እንየው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ነው፣ ክፍት ቦታው ጭምር። በላቲን ሲሆን 160። አንዳንዶች ሰስተው አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉት ለዚህ ይመስለኛል። ግን 70ው ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ የክትትል ቀጠሮዎ ሐሙስ ሰኔ 12 ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ካርድዎን ይዘው ይምጡ።»

ቆጠርኩት፤ 64 ነው። ይኸው ቀጠሮ በፈረንጅ አቆጣጠር «19/06፣ 9:00» ተብሎ ቢላክስ? ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የምታነብ ሴት የካቲት 19 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብላ ነው የምትረዳው። ወይም ደግሞ የቴሌ ማስታወቂያ መስሏት ታጠፋዋለች።

ሌላው የሚላክበት ቀን ነው። ከተማ ውስጥ ላለች ሴት ዋዜማው ላይ ቢደርሳትም ባጃጅ ይዛ ትሄዳለች። ጣና ሐይቅ ውስጥ ደቅ ደሴት ላለችው ግን ጀልባ እንደ ባጃጅ እጅ ሲያነሱለት አይቆምም። ቢያንስ ከሦስት አራት ቀን በፊት ማወቅ አለባት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የስልኩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። ብዙ ቤት ስልኩ የባልየው ነው። ዓሣ አጥማጅ ከሆነ ደግሞ ሜሴጁ ሲገባ ስልኩ ሐይቁ ላይ ነው፣ ያውም ባትሪ ካለው። ማንበብ የማትችል ከሆነች ሰፈር ያለ ተማሪ ጠርታ «እስቲ አንብብልኝ» ትላለች። ሆድ እስኪገፋ እርግዝና በማይወራበት ቤት ያ ልጅ ከአማቷ ቀድሞ ሰማ ማለት ነው! ስለዚህ ካርድ ስታወጣ ቁጥሯን ብቻ መቀበል አይበቃም። «ስልኩ የማን ነው? ማን ያነብልሻል? በድምፅ ይሻልሻል?» መባል አለበት። ከላይ ያለው ሜሴጅ እርግዝና የሚል ቃል የሌለበትም ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ሜሴጁ አይችልም። ቁጥሯ የሚመዘገበው መጀመሪያ ስትመጣ ነው። ያልመጣችውን ማንም አያውቃትም፣ ስልኳንም እንደዚያው። እሷን የምታገኛት በር አንኳኩታ፣ ቡና ላይ ተቀምጣ፣ «ወር አበባሽ ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?» ብላ የምትጠይቃት የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።