«ምች ነው» ከሚለው ጀምሮ፦ ስለሚመላለስ የአፍ ቁስል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጣና ዳር ተቀምጦ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ቀርቦለት፣ ሎሚውንና አዋዜውን በዓይኑ ብቻ የሚያይ ሰው ብታገኙ እኔ ነኝ። ቁስሉ በምላሴና በጉንጬ ውስጥ ሲመላለስ ዓመታት አልፈዋል፤ ምክሩም ከዓሣው እሾህ በዝቶብኛል።

«ምች ነው፤ ዳማ ከሴ አሽተህ ቀባበት።»
ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን ምች የሚያመጣው ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ይተላለፋልም። መሃሉ ነጣ፣ ዙሪያው ቀላ ብሎ አፍ ውስጥ የሚመላለሰው ቁስል ግን የገዛ ሰውነታችን መከላከያ የአፍን ስስ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም። ጉርሻ የነፈጉኝ ዘመዶቼ ይህን ያንብቡልኝ።

«ሎሚና ጨው ያደርቁታል።»
ያስለቅሳሉ እንጂ አያደርቁም። አንቲባዮቲኩ አሞክሳሲሊንም አይፈይድም።

«ቅባቱን ሞከርኩት፤ አልሠራም።»
እኔም ብዬው ነበር። ጥፋቱ የአቀባቤ ነበር። ማታ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ቁስሉን በንጹሕ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ የስንዴ ፍሬ የምታህል ትሪያምሲኖሎን (የሰውነት መከላከያን ቁጣ የሚያበርድ የስቴሮይድ ቅባት) ማሳረፍ ነው። ከታሸ እንደ አሸዋ ይንኮታኮትና ይረግፋል። ግማሽ ሰዓት መብላትም መጠጣትም የለም። የሚጀመረውም ገና መለብለብ ሲሰማ ነው፤ ቁስሉ ከሰፋ በኋላ ቅባቱ ብዙ አያግዝም። ቁስሉ እጅ የማይደርስበት ከሆነ ሐኪም ዴክሳሜታሶን የተባለ ሌላ የስቴሮይድ መጉመጥመጫ ሊያዝ ይችላል፤ ተጉመጥምጦ ይተፋል። በመሃል አፍን ነጭ ነገር ካለበሰው ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው።

«ስቴሮይድ መርዝ ነው።»
የስቴሮይድ ቅባቱና የሚዋጠው የስቴሮይድ ክኒን አንድ አይደሉም። ክኒኑን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ በድንገት ማቆም የለበትም።

«የአፍ ነገር የአፍ ብቻ ነው።»
ለአፌ ሄጄ ሐኪሙ ስለ ዓይኔ ሲጠይቀኝ የሌላ ሰው ካርድ የያዘ መስሎኝ ነበር። ቱርካዊው የቆዳ ሐኪም ሁሉሲ ቤህቼት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 የጻፈለትና በስሙ የሚጠራው የቤህቼት በሽታ አፍንና ብልትን ያቆስላል፣ ዓይንንም ያስቆጣል፤ ዓይን ቀልቶ ብዥ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ቁስሉን ሊያመላልሰው ስለሚችል የደም ምርመራ ይታዘዛል።

«ቢቆይም ራሱ ይለቃል።»
ትንንሹ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። ሦስት ሳምንት ያለፈው ግን ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ለዚህም በማደንዘዣ ናሙና ይወሰዳል፤ ከእኔ የተወሰደችው ሥጋ የምስር ፍሬ ብታህል ነው።