የሞተር ሙቀት ሴንሰር ምንድን ነው? የሚያበርደው ነገር የለም

«መኪናህ ውሃ ካፈላ የሙቀት ሴንሰሩን ቀይር፤ ወዲያው ይበርዳል።» ይህን ምክር አንድ ሰው እርግጠኛ ሆኖ ሲሰጥ እንደገና ሰማሁ፤ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሴንሰሩ መልእክተኛ ነው። መርዶ ይዞ የመጣን መልእክተኛ በሌላ መተካት የሞተውን አያስነሣም።

መካሪው ያምታታው ከቴርሞስታት ጋር ይመስለኛል። ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበትን በር የሚከፍተው ቴርሞስታት ነው፤ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ በእርግጥ ይግላል። ሴንሰሩ የሚከፍተው በር የለውም። በውስጡ ያለችው ትንሽ ቁራጭ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሟ ይቀንሳል። በብዙ መኪኖች 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም (የዚህ መቋቋም መለኪያ) ትለካለች፤ 80 ዲግሪ ላይ ወደ 300 ኦም ገደማ ትወርዳለች። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን ለውጥ በቮልት እያነበበ ሙቀቱን ያሰላል። ሥራው ይኸው ነው።

«ኮዱ ፒ0118 ስለሚል ሴንሰሩ ሞቷል» የሚለው ደግሞ የባሰ ያናድደኛል። ኮዱ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ምልክት ነው፤ የሚናገረውም ከሴንሰሩ መስመር የመጣው ቮልት ከሚጠበቀው በላይ መሆኑን ብቻ ነው። መልእክተኛው ታሞ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ሴንሰሩ ሁለቴ የተቀየረለት መኪና መጣልኝ። ሶኬቱን ስነቅለው ከሁለቱ ፒኖች አንዱን አረንጓዴ ዝገት በልቶት እንደ መርፌ ጫፍ ቀጥኗል። ሽቦው ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሆነ ያህል ያነባል። በዚህ መንገድ ላይ ሦስተኛ መልእክተኛ ቢቆምም ቃሉ አይደርስም።

እውነቱን ለመናገር መልእክተኛው የሚዋሽበት ጊዜም አለ። የራዲያተሩ ማራገቢያ በኮምፒውተሩ ትእዛዝ በሚዞርበት መኪና ላይ ሴንሰሩ ሙቀቱን አሳንሶ ከተናገረ፣ ማራገቢያው ሳይነሣ ሞተሩ ሊግል ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩት። ሌሊቱን ቆሞ ባደረ ሞተር ላይ በስካነር (የኮምፒውተሩን ንባብ በሚያሳይ መሣሪያ) የሚነበበው የውሃ ሙቀት ሞተሩ ከሚስበው አየር ሙቀት ጋር መቀራረብ አለበት። ሃያና ሠላሳ ዲግሪ ከተራራቁ አንደኛው ዋሽቷል።

መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ሞተሩ ግን ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። በትኩስ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትን የሚያቃጥል እንፋሎት መጋበዝ ነው። የሚፈሰውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ በዕቃ ተቀበሉት፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ሆኖ ሳለ ስለሚጣፍጥ ሕፃናትንና እንስሳትን ያታልላል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ከሆነ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አትጠቅልሉ፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በጥርሱ በኩል ነው። ባለ ጎማ ቀለበት ከሆነ ደግሞ አሮጌው ቀለበት ጉድጓዱ ውስጥ አለመቅረቱን በጣት አረጋግጡ።

ውሃውን ስትሞሉ አየሩን በደንብ አስወጡት። ሴንሰሩ ትክክለኛውን ሙቀት የሚያውቀው ጫፉ ፈሳሽ ውስጥ ሲጠልቅ ነው፤ የአየር አረፋ ከከበበው አዲሱም እንደ አሮጌው ይዋሻል።