ዲሲ ለቅዳሜና እሁድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዓርብ ማታ ዋሽንግተን ዲሲ ገብቶ እሁድ ማታ ወደ ስቴቱ ለሚመለስ ሰው ከገንዘቡ ቀድሞ የሚያልቅበት ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን የሚበሉት ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ግምቶች ናቸው።

«ጓደኞቼ ሁሉም ዲሲ ናቸው»

«ዲሲ ነኝ» የሚል ሐበሻ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ በሜትሮ ለመሄድ በቀይ መስመር ጋለሪ ፕሌስ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ወደ ቢጫው ቀይሮ ኪንግ ስትሪት መውረድ ነው፤ 1 ሰዓት ያህል ይያዝለት። በመኪናም ቢሆን ከተማዋን የሚዞረው አውራ ጎዳና ቤልትዌይ ከተጨናነቀ ከዚያ አያንስም። ስለዚህ ቅዳሜን ለአንዱ ዳር፣ እሁድን ለሌላው መስጠት ይሻላል። አድራሻ ሲቀበሉ ቅርብ የሆነውን የሜትሮ ጣቢያም ይጠይቁ።

«ቅዳሜና እሁድ ሁሉም እረፍት ነው»

ነርሷም፣ የኤርፖርት ሠራተኛውም፣ የኡበር ሹፌሩም ቅዳሜ ሥራ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ለብዙዎች የቤተ ክርስቲያን ነው። ለጥየቃ የእሁድ ከሰዓት ይመረጣል፤ ሙዚየሙን ጠዋት ይጨርሱት።

«ያለ መኪና አይሆንም»

መሃል ከተማ መኪናው ሸክም ነው። ይዘው ከመጡም ግሌንሞንት ወይም ግሪንቤልት አቁመው በባቡር ይግቡ፤ የሜትሮ የራሱ ማቆሚያዎች ቅዳሜና እሁድ አያስከፍሉም። በአንድ ስማርትሪፕ (የሜትሮ መክፈያ) ካርድ ሁለት ሰው አያልፍም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መክፈያ ያስፈልጋል። የሐዲድ ጥገና የሚበዛውም ቅዳሜና እሁድ ነውና ከቤት ሳይወጡ መስመሩን ያረጋግጡ።

«ሙዚየሙ ነጻ ስለሆነ ሄዶ መግባት ነው»

ነጻ መሆኑ እውነት ነው፤ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችም ናሽናል ጋለሪም አያስከፍሉም። ግን በ2016 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ሰዓት የተቆረጠለት ነጻ ፓስ ይፈልጋል፣ የቅዳሜው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከገቡ በኋላ ከላይ መጀመር ስህተት ነው፦ ታሪኩ የሚነሳው ከምድር ቤቱ ታች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ በአሳንሰር ወርዶ በእግር እየወጡ ነው የሚታየው። ግማሽ ቀን ካልሰጡት ባይሞክሩት ይሻላል።

ናሽናል ጋለሪ ፓስ ሳይጠይቅ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ክፍት ነው። ሁለት ሕንፃ ነው፤ የምዕራቡ 1941፣ የምሥራቁ 1978 የተከፈቱ ሲሆኑ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ይገናኛሉ። ብዙ ሰው በምዕራቡ ሕንፃ የሊዮናርዶ ዳቪንቺን «ጂኔቭራ ዴ ቤንቺ» ፊቷን ብቻ አይቶ ያልፋል። ሥዕሉ ጀርባም አለው፦ የጥድ ቅርንጫፍ፣ በግራና ቀኙ ሎሬልና ዘንባባ። የተሰቀለው ዞሮ እንዲታይ ነው፣ ስለዚህ ዙሩት።

«የድሮ የኢትዮጵያ ሥዕል ለማየት ዲሲ ይበቃል»

ከዲሲ ይልቅ ባልቲሞር ያለው ዋልተርስ ሙዚየም ይበልጣል፤ እሱም ነጻ ነው። የመስቀልና የብራና ስብስቡ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆነ ወንጌል አለው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ እንደ ማራገቢያ እየተዘረጋ ክብ የሚሆን ሥዕልም እንዲሁ። ብራና ብርሃን ስለሚጎዳው በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንድ የተወሰነ መጽሐፍ ለማየት የሚሄድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከዲሲው ዩኒየን ስቴሽን ወደ ባልቲሞር የሚወስደው የማርክ ባቡር ቅዳሜና እሁድ የሚሠራው በፔን መስመር ብቻ ነው፤ የካምደኑን መስመር አይጠብቁ። የመመለሻውን ሰዓት ከመሳፈርዎ በፊት ይያዙ፣ በእረፍት ቀን ባቡሩ ይሳሳል።

«የሐበሻ ምግብ ቤት ዩ ስትሪት ነው»

ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ዛሬም አሉ፣ ግን ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ምግብ ቤት ሞልቷል። ያደሩበት ሰፈር ይብሉ። ግሉተን የማይስማማው ሰው «የጤፍ ነው» ሲባል አይርካ፤ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ ብዙ ነውና «ንጹሕ ጤፍ ነው?» ይበል። ብዙ ሆነው ከሄዱ ቲፕ ከመጨመርዎ በፊት ደረሰኙን ያንብቡ፤ የአገልግሎት ክፍያ ቀድሞ ተደምሮ ከሆነ ሁለቴ ይከፍላሉ።